ባለ ክራቫቱን በድምፁ ፍለጋ

መስከረም 3፣ 2018

ሥራዬ ዲሽ መግጠም ነው። ትናንት ሱሉልታ አንድ ቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥቼ ሲግናል ስፈልግ ከአጥሩ ማዶ ካለው ሜዳ አንድ ወፍ ዘፈነ። ዘፈኑ ረዘም ያለ ነው። ፉጨት ይበዛዋል፣ ይጠማዘዛል፣ አበቃ ስትሉ እንደገና ይጀምራል። ቀና ስል የአጥሩ ምሰሶ ላይ አንድ ወፍ ቆሟል። ጉሮሮው ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ደግሞ ጥቁር ነገር ዞሮታል። መፍቻዬን አስቀምጬ አየሁት። ደንበኛዬ ከታች ሆኖ "መጣ እንዴ?" ይላል፤ ሲግናሉን ነው። እኔም "መጣ፣ መጣ!" አልኩት፤ ወፉን ነው።

ዕቅዴ ሁለት ነው። መጀመሪያ ወፉ ማን እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያ ዘፈኑን አጥርቶ መቅዳት። በጀት 2000 ብር። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፤ በሥራ ቀን ከወጣሁ ባለቤቴ ትገለኛለች።

መስከረም 5

በስልክ ያነሳሁት ፎቶ ዙም ሲደረግ ገንፎ ሆኗል። ቢሆንም መልኩ በደንብ ይዞኛል። ቢጫው የሙዝ ቢጫ አይደለም፤ የበሰለ ማንጎ ውስጡ ነው፣ ወደ ብርቱካን ያደላል። ጥቁሩ እንደ ሐብል ከጉሮሮው ሥር ይዞራል፣ መሃል ላይ ወፈር ይላል። ጀርባው የደረቀ ሣር ቀለም ላይ ጥቁር ጭረት ነው። ፊቱን ሲያዞርላችሁ ከሩቅ ይታያል፤ ጀርባውን ሲሰጣችሁ ደግሞ ሜዳው ይውጠዋል።

በእንግሊዝኛ "ደረቱ ቢጫ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር፣ የሣር ሜዳ ወፍ" ብዬ ፈለግሁ። የመጣልኝ ሜዶላርክ የሚባል ወፍ ነው። ፎቶው ቁርጥ እሱ! ቅጂውን ከፍቼ ሰማሁት፤ እንደ ዋሽንት የሚፈስ ፉጨት። ጣራ ላይ የሰማሁትን መሰለኝ። በቃ ተገኘ ብዬ ልተኛ ስል ካርታውን አየሁት። ወፉ የአሜሪካ ነው። እዚያ ስድስት ስቴቶች ምልክታቸው አድርገውታል። እኛ ጋ አይደርስም።

የኛው ሌላ ነው። አቢሲኒያን ሎንግክሎው ይሉታል፤ በሳይንሳዊ ስሙ ማክሮኒክስ ፍላቪኮሊስ። ማክሮኒክስ ባለ ትልቅ ጥፍር ማለት ነው፣ ፍላቪኮሊስ ደግሞ ባለ ቢጫ አንገት። ስሙን ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አይገኝም። እኔ 38 ዓመት ኖሬ አሁን ማየቴ ነው።

የሚገርመው፣ ከአሜሪካው ጋር ዝምድና የላቸውም። የኛው ጭራቸውን ከሚያወዛውዙት የዋግቴይል ወፎች ቤተሰብ ነው። ያኛው ከሌላ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ሣር ውስጥ ይኖራሉ፣ መሬት ላይ ነፍሳት ይለቅማሉ፣ እና ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ልብስ ለበሱ። እኛ ቤት ስሙ "ባለ ክራቫቱ" ሆኖ ቀርቷል፤ ያወጣችው ልጄ ናት።

መስከረም 10

የመጀመሪያው ቀረጻ። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ወጥቼ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሜዳው ላይ ደረስኩ። ቦታው ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ ይበርዳል። መሬቱ ገና ክረምቱን አልጨረሰም፣ ጫማዬ ውኃ ጠጣ። ፕላስቲክ ቦቲ ያስፈልጋል።

በስልኩ የድምፅ መቅጃ 11 ደቂቃ ቀዳሁ። ቤት መጥቼ ስሰማው 11 ደቂቃ ሙሉ ንፋስ ነው፣ መሃል ላይ ዳገት የሚወጣ አይሱዙ አለ። ወፍ የለም። በጆሮዬ ጥርት አድርጌ የሰማሁት ወፍ ፋይሉ ላይ የለም!

ምክንያቱን ሌሊት ላይ አገኘሁት። የስልኩ መቅጃ የሰው ንግግር እንዲጠራ ተብሎ ጀርባ ያለውን ድምፅ ያጠፋል። ለእሱ ወፍ ማለት ረብሻ ነው። ያንን የሚያጠፋበትን ቅንብር ዘጋሁት፤ የፋይሉንም ዓይነት ድምፁን ወደማይጨምቀው ዋቭ ቀየርኩ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መቅዳትም አይሆንም፤ ፋይሉን ስለሚጨምቀው ቀጭን ድምፅ ይጎዳል።

መስከረም 14 (ማታ፣ ግቢ ውስጥ)

የራቀ ድምፅ ለመያዝ ሰሃን የመሰለ ነገር ያስፈልጋል፤ ሰሃን ደግሞ ከቤቴ አይጠፋም። አንድ ደንበኛ የጣለው ባለ 60 ሳንቲ ዲሽ ነበረኝ። ከመርካቶ የአንገት ማይክ በ450 ብር ገዛሁ፣ ጫፉ ባለ አራት ክፍል ጃክ የሆነውን። ባለ ሦስቱን ስልኩ እንደ ማይክ አያውቀውም።

ማይኩን በቀጭን የብረት ዘንግ ልክ መሃሉ ፊት ለፊት አቆምኩት። ልጄ ግቢው ጥግ ላይ በስልኳ የፉጨት ድምፅ ከፈተች። ምንም ለውጥ የለም። እንዲያውም ያለ ዲሹ ይሻላል።

ሩብ ሰዓት ያህል ማይኩን ስሰድብ ቆይቼ ነው የገባኝ። ይህ ኦፍሴት ዲሽ ነው! ትኩረቱ መሃሉ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ወረድ ብሎ ኤልኤንቢው (ሲግናል ተቀባዩ) የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። አስራ ሁለት ዓመት በየቀኑ እዚያ ቦታ ላይ ኤልኤንቢ ሳስር ኖሬ! ማይኩን አፉን ወደ ዲሹ አዙሬ ኤልኤንቢው ቦታ ላይ በፕላስተር አሰርኩት፣ ትንሽ ወደፊት ትንሽ ወደኋላ አደረግሁት፣ ፉጨቱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ጣጣ አቅጣጫው ነው። ኦፍሴት ዲሽ ፊቱ ከሚያሳየው በላይ 25 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ናይልሳት የያዘ ዲሽ ቀጥ ብሎ የቆመ እየመሰለ 37 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰማይ የሚያነጣጥረው። አጥር ላይ ያለ ወፍ ለመቅዳት እንግዲህ ዲሹን እንደ አጎነበሰ ሰው ወደፊት መድፋት አለብኝ። መያዣው ላይ በማርከር መስመር አስምሬበታለሁ።

ጥሩው ነገር፣ ባለ 60 ሳንቲ ሰሃን ከ600 ኸርዝ በታች ላለ ድምፅ ብዙም አያግዝም። የድምፁ ሞገድ ከሰሃኑ ይበልጣላ። ስለዚህ ወፉን ያጎላል፣ አይሱዙውን አያጎላም።

መስከረም 18

ትናንት መስቀል ነበር፤ ሥራ የለም፣ ክትፎ አለ። አማቴ ፎቶውን አይተው "ይሄማ የመስቀል ወፍ ነው" አሉ። አይደለም ብል ማን ይሰማኛል።

የመስቀል ወፍ ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ወፍ አይደለም የሚያሳየው። እኔ ሜዳው ላይ ያየሁት ለስሙ የሚስማማው ጥቁር ሆኖ ወገቡና ትከሻው ደማቅ ቢጫ የሆነው የሎ ቢሾፕ ነው። ወንዱ ይህን የሚለብሰው ለመራቢያው ወቅት ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ቡናማ ጭረት ለብሶ ከሴቷ ጋር ይመሳሰላል። አገር ሁሉ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል የሚለው ወፍ ለካ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው፤ የክት ልብሱን ስለሚያወልቅ ነው የማናውቀው። ባለ ክራቫቱ ግን ክራቫቱን አይፈታም። ይህ አንዱ መለያው ነው።

መስከረም 24

ዲሹን ተሸክሜ ሚኒባስ ገባሁ። ረዳቱ "ለዲሹም ትከፍላለህ" አለ፣ ከፈልኩ። ሜዳው ላይ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ከሩቅ ሲያየኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ጋሼ፣ ለላሞቹ ነው እንዴ?"

ዛሬ የጠላኝ ንፋስ ነው። ማይክ ላይ የሚደረገው ጸጉራም ልባስ ሱቅ ተወዶብኝ ለእንቁጣጣሽ ከታረደው በግ ቆዳ ላይ ቆርጬ ከረጢት ሰፋሁለት። ሁለት ጥፋት። ቆዳው አልለፋም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሸተተ፣ ዝንብ ሁሉ ማይኩ ላይ። የባሰው ደግሞ ንፋሱ ጠፋ፣ ወፉም አብሮ ጠፋ። ንፋስ የሚያበርደው ጸጉሩ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ግን ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ምሳዬን ስበላ የዘበኛው ውሻ ከረጢቱን ይዞ ሄደ። አልተከተልኩትም።

አዲሱ ልባስ፦ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ፣ ከላዩ ልጄ ካደገችበት ብርድ ልብስ የተቆረጠ ጸጉራም ጨርቅ። ወጪ ዜሮ። በጣም ይሠራል።

ጥቅምት 1

ቢጫ በቢጫ! ከብቶቹ እግር ሥር ሰላሳ አርባ ቢጫ ወፎች ይሯሯጣሉ። ልቤ ደነገጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እነሱን ተከትዬ ቀዳሁ።

እነዚህ የሎ ዋግቴይል ናቸው፤ የአውሮፓና የእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ እንግዶች። ያሞኘኝ ቀለሙ ብቻ ነው። አሁን ልዩነቱን በመፍቻ ሳጥኔ ክዳን ላይ ጽፌዋለሁ፦ እንግዳው ቀጠን ያለ ነው፣ ጭራው ረጅም ነው፣ ሲቆም ጭራውን ያወዛውዛል፣ ሐብል የለውም። ባለ ክራቫቱ ወፍራም ነው፣ ደረቱን ነፍቶ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ይቆማል፣ ሲበር ዝቅ ብሎ ክንፉን ቶሎ ቶሎ መትቶ ይንሳፈፋል፣ የጭራው ጫፍ ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ ይታያል። ልጁ ይህን ሁሉ ሳነብለት "አዎ" ብሎ ከብቱን መመለስ ቀጠለ። ለእሱ ዜና አይደለም።

የከብቱ መንገድ ላይ ጭቃው ውስጥ የእግር አሻራ አገኘሁ። የኋላው ጥፍር ቀጥ ብሎ መሬቱን ሰንጥቆታል። የክብሪት እንጨት አጠገቡ አጋድሜ ፎቶ አነሳሁ፤ ጥፍሩ ብቻውን የእንጨቱን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለሣር ላይ መራመጃ ነው፣ ክብደቱን ይበትንለታል። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እዚህ ሜዳ ላይ የኋላ ጥፍሩ የረዘመ ሌላም ወፍ አለ።

ጥቅምት 8

አገኘሁት! 42 ሰከንድ ጥርት ያለ ዘፈን። ንፋስ የለም፣ መኪና የለም። ባለ ክራቫቱ ምሰሶ ላይ ነበር፣ ዲሹን ወደ እሱ ደፍቼ ቀዳሁት። ላፕቶፕ ላይ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ፕሮግራም ስፔክትሮግራሙን አወጣሁት፤ ድምፁ እንደ ሥዕል ይታያል። እንደ አረብኛ ጽሕፈት ይጠማዘዛል። ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። ባለቤቴ እንኳን "ያምራል" አለች፤ ለ11 ደቂቃው ንፋስ እንዲህ አላለችም።

የወፍ ድምፅ የሚለይ አንድ አፕ አለ፤ ባለ ክራቫቱን ሳይሆን ሌላ ስም ሰጠኝ። እኛን አያውቅም ብዬ ዘጋሁት።

ጥቅምት 15

የትናንት ሥራ አምሽቶ እንቅልፍ ሳልጠግብ ሄድኩ። ቀረጻዬን ለእረኛው ልጅ በኤርፎን አሰማሁት። ፈገግ ብሎ ሰማ። ከዚያ "ይሄ ያ ወፍ አይደለም" አለ።

"እንዴት አይደለም? እያየሁት ነው የቀዳሁት።"

"ይሄ የባለ ቁንጮው ነው።" እጁን ዘርግቶ ከባለ ክራቫቱ ምሰሶ ሥር ያለችውን ጉብታ አሳየኝ። መጀመሪያ አፈር ብቻ ነበር የታየኝ። አቅራቢ መነጽሩን ሳነሳ አፈሩ ላይ አፈር የመሰለ ወፍ ቆሟል። ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ጭረት፣ ራሱ ላይ እንደ ልጅ ቁንጮ የቆመች ጸጉር። አፉ ይከፈታል። ይዘጋል። የኔ 42 ሰከንድ ከዚያ አፍ ይወጣል። ከላይ ምሰሶው ላይ ባለ ክራቫቱ አፉን ገጥሞ ዝም ብሎ ቆሟል፣ እንደ ሌላ ሰው ዘፈን ላይ ከንፈሩን እንኳን እንደማያንቀሳቅስ አጃቢ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መስከረም ላይ ጣራው ላይ የሰማሁትም ይኸው ነው። ያማረውን ወፍ አየሁ፣ ያማረውን ዘፈን ሰማሁ፣ ሁለቱን ራሴ አጋባኋቸው። የአሜሪካው ወፍ ደግሞ ሚዜ ሆነ፤ ቢጫ ደረት ካለው እንዲህ መዝፈን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ምስኪኑ አፕ የሰጠኝ ስም የባለ ቁንጮው ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ባለ ቁንጮው ቴክላ ላርክ ነው። ስሙ ከኛ ቅድስት ቴክላ ጋር ስለገጠመ ገረመኝ። ብሬም የተባሉ ጀርመናውያን የወፍ አጥኚ ቤተሰብ በወጣትነቷ ለሞተችባቸው ልጃቸው መታሰቢያ ያወጡት ነው። ማታ ለልጄ ነገርኳት፤ "ለኔ የትኛውን ወፍ ትሰጠኛለህ?" አለች።

የተጣለ ቀረጻ፦ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። አልሰረዝኩትም፤ "የባለ ቁንጮው" ብዬ ስሙን ቀየርኩት።

አዲስ ሕግ፦ አፉ ሲከፈት ካላየሁ ፋይሉ "ያልታየ" የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል። ለዚህ ደግሞ እየቀዱ መስማት ያስፈልጋል። ማይኩንና ኤርፎኑን አብሮ ስልኩ ላይ የሚሰካ ስፕሊተር 180 ብር፣ ኤርፎኑ ነበረኝ። ዲሹን በአንድ እጅ፣ አቅራቢ መነጽሩን በአንድ እጅ መያዝ ስላልቻልኩ ለዲሹ ከአሮጌ የካሜራ ትሪፖድ እግር ሠራሁለት። 600 ብር፣ ሰባራ ነው ብዬ ተከራክሬ።

ጥቅምት 22

ሜዳው እየታጨደ ነው። ድርቆሽ ነው፤ የከተማው የወተት ላም የሚበላው ከዚህ አካባቢም ይሄዳል። ማጭድ የያዙ ሰዎች በረድፍ ይሄዳሉ። ባለ ክራቫቱ ያልታጨደው ጥግ ተሰብስቧል፣ ውኃው ካለበት ጋ።

ዘበኛው ሽማግሌ መጥተው "ልጄ፣ ይህ ነገር ምንድነው?" አሉኝ። ኤርፎኑን ሰጠኋቸው። ዲሹን ወደ ሜዳው አዞርኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩ። "አጫጆቹ ስለኔ እያወሩ ነው" አሉና ኤርፎኑን መለሱልኝ።

ሰማይ ላይ "ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ" የሚል አለ። ቀና ብዬ አስር ደቂቃ ፈለግሁት። ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ ወፍ፣ ሲስቲኮላ ነው፣ ከፍ ብሎ እየተወዛወዘ ይበራል፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እሱም ከጥርጣሬ ዝርዝሩ ወጣ። የባለ ክራቫቱ ቀረጻ፦ ዜሮ። ዛሬም አፉን አልከፈተም።

ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የራሱን ዝርያ ድምፅ በስፒከር ባሰማው ይመልሳል ብዬ አንዴ ሞከርኩ። መጣ፣ በጭንቀት ከምሰሶ ምሰሶ ዘለለ፣ ሣር ውስጥ ገባ፣ ግማሽ ሰዓት አልወጣም። ጠላት ግዛቱን የያዘበት መስሎታል። ሁለተኛ አልሞክረውም።

ጥቅምት 29

12 ሰዓት ከ50። ጤዛው ሣሩ ላይ ነጭ ሆኗል። የድርቆሽ ክምር ላይ ወጣ። ትሪፖዱ ቆሟል፣ ኤርፎኑ ጆሮዬ ላይ፣ መነጽሩ ዓይኔ ላይ። ደረቱ ላይ ፀሐይ አረፈችበት፣ ማንጎው በራ። አፉ ተከፈተ።

"ፊ... ፊ... ፊ..." ቀጭን፣ እኩል የተራራቀ፣ ከዚያ አጭር መንቀጥቀጥ፣ "ትርርር"። በቃ። ጉሮሮው ሲርገበገብ ጥቁሩ ሐብል አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። እንደገና ሦስት "ፊ"፣ ከዚያ ተነስቶ ክንፉን ቶሎ ቶሎ እየመታ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ እየበረረም አንዴ "ትርርር" አለ።

14 ሰከንድ። ስምንተኛው ሰከንድ ላይ ላም አለች።

ስፔክትሮግራሙ ከባለ ቁንጮው ጋር በፍጹም አይምታታም። የዚያ የተጠማዘዘ ጽሕፈት ነው፣ የዚህ ደግሞ እኩል እኩል የተመታ ሚስማርና ጫፉ ላይ ማበጠሪያ። ዘፈኑ ተራ ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ከዚህ በፊት ሃምሳ ጊዜ ሰምቼው የነፍሳት ድምፅ መስሎኝ አልፌዋለሁ፤ "ያልታየ" ፎልደር ውስጥ ሦስት ቦታ አገኘሁት።

ኅዳር 6

ሒሳብ። ማይክ 450፣ ስፕሊተር 180፣ ትሪፖድ 600፣ ቦቲ 700፣ ፕላስተርና ሽቦ 90። 2020 ብር። ታክሲውን አልቆጠርኩም፤ ባለቤቴ ቆጥራዋለች።

ዛሬ ሜዳው ተላጭቷል፣ ከብቱ ገለባው ላይ ነው። የማይኩ ገመድ ሥሩ ላይ ተሰንጥቆ ይንጫጫል፤ ቁጭ ብዬ በጥርሴ ልጬ እያሰርኩ ነበር። ልጁ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ቆሎ እየበላ ነው።

"ጋሼ፣ ወፍህ" አለ፣ ሳይዞር።

ቀና አልኩ። ሽቦ አጥሩ ላይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ክራቫቱ ገና አልጠቆረም፣ ጉሮሮውም ደብዛዛ ነው፤ ጫጩት ሳይሆን አይቀርም። ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ መቅጃው ጠፍቷል። ኤርፎኑን አወለቅሁ።

ሰኞ ገመድ እገዛለሁ፣ 120 ብር።